ሰላምታ የማያልቅበት ፎርማን

የፎርማን ይማምን ሞት ያረዳኝ ቀድሞ በአሶሳ የችሎት ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ባምባሲ የሚኖር ወዳጄ ነው። በሚቆራረጥ የስልክ መስመር ላይ ሆኖ፣ «ያ ሰላምታ የማያልቅበት ሰውዬ ዐረፈ» አለኝ። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ መርዶ የደረሰው ሰው ማድረግ የሚገባውን አላደረግሁም፤ ሳቅሁ። ባለቤቴ ከወዲያኛው ክፍል «ምን ተገኘ?» ብትለኝ «ሰው ሞተብኝ» አልኳት፤ ሳቄ ግን አልተገታም። መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ምስክርነት ሲመረመርና ሲወድቅ በማይበት ሙያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም የራሴን ትውስታ እንደ ታማኝ ምስክር ቆጥሬው አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ሆኗል ብዬ የማምነውን ነው። ያልተረጋገጠልኝ ቦታ ላይ ስደርስ አልተረጋገጠልኝም እላለሁ። ይማም ይህን ቢሰማ ኖሮ፣ «አንቱ ደግሞ ቁርስ ለመብላትዎም ማስረጃ ይፈልጋሉ» ይለኝ ነበር።

ይማምን ያወቅሁት ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን ነው። ቢሮዎች ይከፈታሉ፣ ኃላፊዎች ይሾማሉ፤ ወንበር ግን ከሹመቱ ዘግይቶ ይመጣል። እኔ ከአዲስ አበባ ተልኬ የሠራተኛ ጉዳይን በሚመለከት አንድ ቢሮ ውስጥ የሕግ ባለሙያ ሆኜ ስጀምር፣ ኃላፊው እና እኔ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳችን ለሌላችን ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር። አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ፣ እርሳቸው በድንገት ሲነሡ እኔ ወደ መሬት እወርዳለሁ።

በአንደኛው ጠዋት ከደጅ «እህ! እህም!» የሚል የጉሮሮ ማጥራት ተሰማና አንድ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙ በጥንቃቄ የተከረከመ ሰው ገባ። እኛን አላየንም። ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ አንሥቶ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተመለከተ፤ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። «ቀጥ እንዳለ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኛ የዞረው።

«እንዴት አደራችሁ? ደህና አደራችሁ ወይ? ሌሊቱ እንዴት ነበር? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? አገር ቤት ያሉት ሁሉ ደህና? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

በእኛ በኩል የሚዘንበው ዝናብ በእርሱ በኩል ከሚዘንበው ቢርቅ አንድ መንገድ ተሻግሮ ነው። ቢሆንም ኃላፊው ስለ ዝናቡ ዘርዘር ያለ መልስ ሰጡ፤ ሰውየው በሙሉ ልቡ አዳመጠ። እንዲህ ያለ አዳማጭ አይቼ አላውቅም። ዓይኑን ጨፈን፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ደረቱን ቀስ ብሎ እያነሣና እየጣለ ይሰማል። «ይህ ሰው ጨዋ ነው» አልኩ በልቤ። የከተማው ሰው ሁሉ እንዲሁ ይል ነበር።

ይማም ወሎዬ ነው። በወጣትነቱ አንድ የመንግሥት የሕንፃ ሥራ ድርጅት ቀጠረው፤ ድርጅቱን በስሙ አልጠራውም፤ ለታሪኬ አያስፈልገኝም። በዚያ ድርጅት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራው ሰዉ «የሲሚንቶ ቆርቆሮ» የሚለውን ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ የሆነ የአስቤስቶስ ክዳን መቁረጥና መግጠም ነበር። ክዳኑ በመጋዝ ሲቆረጥ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይቦንናል። በአቧራው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ ሳንባ ውስጥ ከገቡ አይወጡም፤ ብዙ ዓመት ቆይተው ሳንባን እንደ ደረቀ ቆዳ ያደርጉታል። ይህን ያን ጊዜ ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ድርጅቱም ያውቅ እንደነበር እገምታለሁ፤ ግምት መሆኑ ይታወቅልኝ። ይማም ግን አያውቅም ነበር። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን በጨርቅ ሊሸፍን ሲል ጨርቁን ያስጥለውና፣ «አትፍራው፤ የሲሚንቶ ዱቄት ነው፤ አጥንት ያጠነክራል» ይለው ነበር።

በድርቁ ዘመን ወደዚያ ለመጡት ሰፋሪዎች መንደሮች መጋዘን፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሲታነጽ ድርጅቱ ወደ አሶሳ ላከው፤ እዚያው ቀረ። ክልሉ ሲቋቋም አብዛኞቹ ቢሮዎች የገቡት ይማም በከደናቸው ቤቶች ውስጥ ነው። በዚህ የተነሣ፣ «እነዚህ ሰዎች ያስተዳድሩ እንጂ ክልሉን ያለበስኩት እኔ ነኝ» ማለት ይወድ ነበር። ሹም በተሾመ ቁጥር እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ይሄድና ከሹሙ በፊት ጣሪያውን ይጎበኛል።

መጋዙን ከወዲያኛው ጫፍ ይዞ ሲስብለት የኖረ ባልደረባ ነበረው፤ ባበክር ይባላል። ባበክር የበርታ ተወላጅ ነው፤ የአሶሳ ልጅ። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ መሐል አገር ሄዶ ከይማም ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞቷል። ትንፋሽ አጥሮት፣ ከስቶ፣ ተቀምጦ እየተኛ ነው የሞተው። አዲስ አበባ ያዩት ሐኪሞች ሕመሙ ከዚያ አቧራ የመጣ መሆኑን ጽፈዋል። ሚስቱ ሐዋ ድርጅቱ ካሳ እንዲከፍላት ከሰሰች፤ የእኛ ቢሮ ጉዳይዋን ያዘላት፤ እኔም ከጎኗ ቆምኩ።

ሐዋ ቀጭን፣ ቶብ የሚባለውን ሰውነት ላይ የሚጠቀለል ልብሷን ጠበቅ አድርጋ የምትለብስ፣ ሰውን ፊት ለፊት የምታይ ሴት ነበረች። አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሹምና ተራ ሰውም አይለይም። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት፣ «አንተ የተማረ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። በተቻለኝ ትሕትና መማሬን አመንኩላት። «በጣም ነው ወይስ ትንሽ?» አለችኝ። በጣም ነው ለማለት አፈርኩ። ትንሽ ነው ብላት ደግሞ ሌላ ሰው እንዳትፈልግ ፈራሁ። «በመጠኑ» አልኳት። ለቢሮው ኃላፊ፣ «ይሄ ደህና ሰው ነው፤ ግን ይፈራል» ብላ እንደነገረቻቸው ኋላ ሰማሁ።

የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ወጣት ነበር። ክርክሩ አጭር ነው። ባበክር ትንባሆ ያጨስ ነበር፤ ቤቱ ጭስ ይበዛበት ነበር፤ አመጋገቡም የተስተካከለ አልነበረም። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ዋናውን አመጣ። «ከሟች ይልቅ ብዙ ዘመን የቆረጡት ፎርማን ይማም እነሆ በጤና አሉ። አቧራው ገዳይ ቢሆን ኖሮ እርሳቸውን ትቶ ረዳታቸውን ይገድል ነበር?»

ዳኛው ከካማሺ በኩል የመጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ይማም በሕክምና ቦርድ እንዲመረመር አዘዙ። በሕግ ቋንቋ ነገሩ ይህን ያህል ቀጥተኛ አልነበረም፤ ነገር ግን በችሎቱ የነበረ ሁሉ የተረዳው እንዲህ ነው፤ የተረዱትም ልክ ነበር። ይማም ታመመ ከተባለ ሐዋ ትረታለች። ጤነኛ ነው ከተባለ ሐዋ ባሏንም ካሳዋንም አጥታ ቤቷ ትገባለች።

ቦርዱ የተሰየመበትን የጤና ተቋም ስም ልተወው። የራጅ መሣሪያው ገብቷል፤ ፊልሙ ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ በጥያቄና በዓይን ብቻ ሊፈርዱ ተቀመጡ። ከይማም በፊት ለሌላ ጉዳይ ተራ የያዙት ሰዎች ሁሉ የሚያነክሱ፣ የሚቃትቱ፣ ሁለት ሰው የሚደግፋቸው ነበሩ። አንዱ ሲጨርስ የያዘውን ምርኩዝ ለሚቀጥለው ሲያቀብለው በዓይኔ አይቻለሁ። ይማም ተራው ሲደርስ ካፖርቱን ቆልፎ፣ ጢሙን ዳብሶ፣ እንደ ሙሽራ ገባ።

«ሳል አለብህ?» አሉት ሰብሳቢው ሐኪም።

«ሳል? ሳል ምን ይሠራልኛል?»

«እስካሁን ስታደርገው የነበረውስ?»

«እሱ ሳል አይደለም። ፎርማን ሰው ቤት ሲገባ መምጣቱን ያስታውቃል። እህም!»

ትንፋሹን ለመፈተን ግቢውን ዞሮ እንዲመጣ አዘዙትና ነርስ አስከተሉለት። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ነርሷ ናት። በር ላይ ዘበኛውን አገኘ፤ ቆመ፤ ከሚስቱ ጀምሮ እስከ አማቱ ድረስ ጤናቸውን ጠየቀ። አትክልተኛውን አገኘ፤ ስለ ጽጌረዳው ጠየቀ። ለክትባት የተሰለፉ እናቶችን አገኘ፤ በተራ፣ ከነልጆቻቸው፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚገባትን በዚያ፣ «አካም ቡልቴ» የሚገባትን በዚያ፣ ለጉሙዟም እንደምንም በቋንቋዋ ሰላም አለ። ሲመለስ ትንፋሹ የተሰበሰበ፣ ፊቱ የበራ ነበር። ትንፋሽ ያጠራት ነርሷ ነበረች፤ ቆማ ደክሟት። ሐኪሞቹ፣ የመሥራት ችሎታው መጉደሉን የሚያሳይ ምልክት አላገኘንም ብለው ጻፉ።

ይማም ወረቀቱን ይዞ እንደ ተመራቂ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ አሳየ። ቦርድ ፊት ጤነኛ ለመምሰል የታገለ ሰው ከእርሱ በፊት አላየሁም፤ ከእርሱም በኋላ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ሐዋ ግን ቢሮዬ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «አሁን እኔ ምን ይሁን?» አለችኝ። በመጠኑ የተማርኩ መሆኔን አስታውሼ የሕግ መጽሐፌን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በማስታውስበት መንገድ ላይ ሙሉ እምነት የለኝም፤ ዋናው ፍሬ ነገር ግን ትክክል ነው። ከሰዓት በኋላ ነው። በስታዲየሙ ግጥሚያ ስለነበረ ከተማው ጭር ብሏል። ለቀጣዩ ቀጠሮ መጥሪያውን ልሰጠው ይማምን ገበያው አጠገብ አግኝቼው፣ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደውን አቀበት አብረን ጀመርን። በዚህ አቀበት ላይ ይማም የታወቁ መቆሚያዎች ነበሩት። ዋናው የአቶ ተፈራ ሱቅ ነው። ተፈራ ከወለጋ የመጣ፣ እሑድ እሑድ የቸርች መዘምራን የሚመራ ቁምነገረኛ ነጋዴ ሲሆን፣ ባምባሲ አጠገብ ላሞች ነበሩት። ይማም ስለ ላሞቹ በየስማቸው ይጠይቀዋል፤ ተፈራ በየስማቸው ይመልሳል። ያን ቀን ግን ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

አለፍነው። ይማም ዙሪያውን ተመለከተ። ሰው የለም። ጥቂት እንደ ሄድን እንደገና ተመለከተ። ያወራልኝ የነበረውን አቋረጠ። ከማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት ፍየል ታስራለች። (ፍየል መሆኗን አልምልም። ጸሐፊው ወዳጄ አህያ ነበረች ይላል፤ እርሱ ግን በቦታው አልነበረም።) ይማም ወደ ፍየሏ ዞሮ ቆመ፤ አንድ እጁን ግንዱ ላይ ጣለ።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት። «ደህና ነሽ ወይ? ግልገሎችሽ ደህና ናቸው? ሳሩስ እንዴት ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ አፍንጫው ይከፈታል ይዘጋል፤ ግንዱን የያዘው እጁ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ተሸክሟል። ፍየሏ ምንም አልመለሰችለትም። እርሱም መልሷን እስኪጠብቅ ድረስ ተነፈሰ።

«ፎርማን» አልኩት፣ «ይህቺ ፍየል የማን ናት?»

«አላውቃትም። ግን እግዜር የፈጠራት ናት፤ አይናቋት።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ለክህደት የሚበቃ አየር አልነበረውም። ግንዱ ሥር ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከስታዲየሙ ጩኸት ይመጣል፤ ማን እንዳገባ አላወቅንም።

«ወንድምዓለም» አለኝ በመጨረሻ፣ «ሐዋ ካሳዋን ታግኝ። እኔን ግን አታሳምሙኝ።»

«ያለ እርስዎ አታገኝም።»

«ያን ያህል ሕግ ተምረው ሌላ መንገድ ጠፋ?»

«ፈልጌያለሁ። የለም።»

ፍየሏን ተመለከተ። «እኔ ከታመምኩ ታዲያ፣ ጨርቁን ከባበክር አፍንጫ ላይ ያስጣልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ። «አጥንት ያጠነክራል ያልኩት። ወላሂ እውነት መስሎኝ ነው። ማንም አልነገረኝም።» ወደ ከተማው ጣሪያዎች አመለከተ። «ደግሞስ፣ እነዚህ ሁሉ ቤቶች የኔ ናቸው። በርጅና ምን ቀረኝ? ቀና ብዬ ጣሪያዬን ማየት ነው የቀረኝ።»

እንዲመሰክር ላስገድደው አልችልም ነበር፤ ባስገድደውም የሚናገረው ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው። ትንፋሹ ሲሰበሰብ ተነሣን። ፍየሏን በአግባቡ ተሰናበታት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞላ። ችሎቱ ራሱ ይማም በከደነው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እንደ ልማዱ ሲገባ ጣሪያውን አይቶ፣ ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ከዚያ ለዳኛው እጅ ነሣ። ነገረ ፈጁ የቦርዱን ወረቀት ካነበበ በኋላ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ቀረበ።

«አቶ ይማም፣ ይህን ክዳን ስንት ዘመን ቆረጡ?»

«አንተ ከመወለድህ በፊት ጀምሬ።»

«አቧራው ጎድቶዎታል?»

ይማም ደረቱን ነፋ። «ታዲያ እኔ የተጎዳ እመስላለሁ?» ሰው ሳቀ። ነገረ ፈጁም ሳቀ። «ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ተቀመጠ። በዚያች ደቂቃ ጉዳዩን ያጣነው መሰለኝ፤ ወረቀቶቼን መሰብሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ዳኛው ሐዋን የምትጠይቀው እንዳለ ጠየቋት። አስተርጓሚው ሊነሣ ሲል በእጇ አስቀመጠችው። «አንተ ቁጭ በል። እኔ ራሱ ይናገራል» አለችው።

«ያ አኹይ ይማም» አለች። በእነርሱ አነጋገር ወንድሜ ማለት ነው።

«አቤት፣ እቴ ሐዋ።»

«አንተ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አቧራው ደህና ነው?»

ይማም ጢሙን ዳበሰ። እርሷም ነገረ ፈጁን በጣቷ አሳየችው። «ይሄ ልጅ አቧራው ደህና ነው ይላል። ባበክርን የገደለ ጭስ ነው ይላል። ጭሱ የማን ነው? የኔ ነው። ምግብ ነው ይላል። ምግቡን ማን ሠራ? እኔ ሠራ። አንተ ደህና ከሆነ፣ አቧራውም ደህና ከሆነ፣ ባበክርን የገደለ የኔ ገንፎ ነው። አንተ የኔን ገንፎ ስንት ዓመት በላህ። ለዳኛው ንገር፤ ገንፎው ገዳይ ነው?»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ያልሳቁት ይማምና ሐዋ ብቻ ነበሩ። ይማም የሐዋን ፊት ለብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ነገረ ፈጁን አየ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ገንፎው ጤና ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ። ቦርዱን ያታለልኩት በሰላምታ ነው።»

«ይብራራ» አሉ ዳኛው።

«አቀበት በአንድ ትንፋሽ መውጣት ካቃተኝ ዓመታት አልፈዋል። ቆሞ የሚያለከልክ ፎርማንን ደግሞ ማን ያከብራል? ስለዚህ ሰው ሳገኝ ቆሜ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። እሱ ሲመልስ እኔ እተነፍሳለሁ። ሳልጨርስ እንዳይሄድብኝ ልጆቹን፣ አማቶቹን፣ አዝመራውን እጨምራለሁ። ዘመዱ የበዛ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ወንደላጤ ግን አይጠቅመኝም።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር አቶ ተፈራ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል።

«አንተ ይማም! ይህን ሁሉ ዘመን ላሞቼን ስትጠይቀኝ የኖርከው ለሳንባህ ነው?»

«ወንድሜ ተፈራ፣ ለሁለቱም ነው። ስጀምር ለሳንባዬ ነበር፤ ኋላ ላሞቹን ለመድኳቸው።» ይማም ትንሽ ዐረፈ። «ያቺ ቦራዋ ግን ወለደች ወይ?»

«ትናንት ወለደች» አለ ተፈራ፣ ራሱን ከመግታቱ በፊት።

«ማሻ አላህ! ወንድ ነው ሴት?»

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «የጥጃው ጾታ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም። ምስክሩ ይቀጥል።»

ይማም ወደ ሐዋ ዞረ። ድምፁ ከዚያ በፊት ከማውቀው ያነሰ ነበር። «ባበክርን አጥንት ያጠነክራል ብዬው ነበር» አላት። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ነግሮኛል» አለች ሐዋ። «ማታ ልብሱን እኔ አራገፈ። አጥንት መጣ፣ አጥንት መጣ እያልን ስቀናል። አንተም አላወቅህ፤ እኛም አላወቅን።» እንደገና ነገረ ፈጁን አሳየችው። «እነሱን ጠይቅ።»

ያን ጊዜ ይማም ሳለ። «እህም» አይደለም። ጎንበስ ብሎ፣ የምስክር ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ማንም እንዳይሰማው ሲሸሽገው የኖረውን ሁሉ ሳለው። ነገረ ፈጁ ውኃ ቀዳለትና ሰጠው፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ለወጣቱም ክብር ስል እጽፈዋለሁ። ሳሉ ካበቃ በኋላ ከነገረ ፈጁ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያላየ ሰው አልነበረም።

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ፊልሙ ከመጣ በኋላ ቦርዱ እንደገና ተሰየመ፤ የይማም ሳንባ ከባበክር ሳንባ የተለየ እንዳልሆነ ታየ። ፍርድ ቤቱ ለሐዋ ፈረደ። ድርጅቱ ይግባኝ ብሎ ተረታ፤ ዘግይቶም ቢሆን ከፈላት። ይማምም የራሱን ካሳ አግኝቶ፣ ሐኪሞቹ ከገመቱለት በላይ ብዙ ዓመት ኖረ። ቦርዱን ሁለተኛም አታለለ ማለት ነው።

ወዳጄ በስልክ መርዶውን ሲነግረኝ ያሳቀኝ ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። የዚያ ችሎት የመጨረሻ ደቂቃዎች ናቸው። እነዚህን እኔና ጸሐፊው ለየብቻ ተጠይቀን አንድ ዓይነት ቃል የምንሰጥባቸው ስለሆኑ፣ ለትውስታዬ በአንድ ጊዜም ቢሆን ዋስ እሆናለሁ።

ዳኛው ምስክሩን ሊያሰናብቱ፣ «የሚጨምሩት ቃል አለ?» ብለው ጠየቁት።

«አለኝ» አለ ይማም። ውኃውን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ባበክርን የገደለው አቧራው ነው፤ እኔንም ይዞኛል። ይህ ይጻፍ። ነገር ግን ጌታዬ፣ ክዳኑ አያፈስም። እሱም ይጻፍልኝ።»

ዳኛው ነገረ ፈጁን ተመለከቱ። ነገረ ፈጁ ብድግ ብሎ፣ «በዚህ ነጥብ ላይ ድርጅቱ ተቃውሞ የለውም» አለ።

ጸሐፊው ሊጽፍ ሲያጎነብስ ሐዋ ከመቀመጫዋ፣ «ያፈሳል!» አለች። «የኔ ቤት ያፈሳል!»

ይማም እንደ ተወጋ ሰው ዞረ። «ያንቺን ቤት እኔ አልከደንኩትም! ባበክር ነው የከደነው! ስንት ጊዜ መጥቼ ላየው ብለው፣ የራሴን ቤት ለኔ ተውልኝ ብሎ መለሰኝ!»

ሐዋ ቶቧን ወደ አፏ አስጠጋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ልነሣ ነበር። እየሳቀች ነበር።

«እውነት ነው» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «የሰው ቤት ቶሎ ይሠራል። የኔን ቤት፣ ነገ ይላል። ነገ፣ ነገ ብሎ ሞተ።»

ጸሐፊው ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ዳኛውን አየ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው ያዙት።

«ምስክሩ የከደኗቸው ቤቶች አያፈሱም ብለህ ጻፍ» አሉት። «የሟችን ቤት ተወው።»